የልብስ ሰፊዋ መዝገብ

ኅዳር 3 ቀን

ለተከበሩት የአያቴ ታናሽ ወንድም፣ ለጋሼ፤

ከእግር ጥፍርዎ እስከ ራስ ፀጉርዎ፣ ፀጉር ከተረፈ ማለቴ ነው፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። ስልክ ደውዬ እንዳላወራዎት፣ ባለፈው ጊዜ «ጮክ በል» ሲሉኝ ጮኼ፣ አሁንም «ጮክ በል» ሲሉኝ ጮኼ፣ እርስዎ ሳይሰሙ ሦስት ጎረቤት ሊገላግለን መጣ። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል።

ወሬው ይኸውልዎ፤ ሥራ ገባሁ። የት ቢሉኝ፣ እርስዎ አርባ ዓመት ከተቀመጡበት ቤት፣ መንግሥት ከሚከሰስበት ፍርድ ቤት። ከዘጠነኛ ክፍል ያባረሩኝ አስተማሪዎች ፍርድ ቤት ገባ ሲባሉ «በስንት ዓመት?» ብለው ነው የሚጠይቁት። የተቀጠርኩት በእርስዎ ስም ነው። «የአባ ቀጠሮ ዘመድ ነኝ» ስል ጥበቃው ሳይፈትሸኝ አስገባኝ። ከዚያ ተጸጽቷል።

ሥራዬ ቀላል ነው። አሮጌ መዝገብ አነሳለሁ፣ ገጽ በገጽ መስታወት ላይ አስተኛለሁ፣ ማሽኑ ብልጭ ይላል፣ ወረቀቱ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ፎቶ ቤት በሉት፤ ልዩነቱ ፈገግ የሚል አለመኖሩ ነው።

ቤቱን ቢያዩት አያውቁትም። ያ በዝናብ ጊዜ አብጦ አልዘጋም የሚለው የእንጨት መስኮትዎ ተነቅሎ መስታወት ገብቶበታል። ኮሪደሩ ላይ ቁጥር የሚተፋ ማሽን አለ። አንድ ሽማግሌ አርባ ሰባት ደረሳቸውና «ዕጣው የሚወጣው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ሐሙስ» አልኳቸው። ሐሙስ መጡ። ቀኑን ሙሉ ከኋላ ከኋላቸው እየሄድኩ ይቅርታ ስለምን ዋልኩ።

አዲሷ ሬጅስትራር ወጣት ናት። ሁሉን ነገር በደቂቃ ስለምትለካ «ሰዓቷ» ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ። ይህን ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት። ለጥበቃውም ነግሬዋለሁ። ለጽዳቷም። እሷ ያወጣችው ደንብ እንዲህ ይላል፤ እስከ የካቲት 30 ድረስ ኮምፒውተር ውስጥ ያልገባ መዝገብ እንደተዘጋ ይቆጠራል። ባለጉዳዩ እንደ አዲስ ሊከስ ይችላል፣ የመክሰሻው ጊዜ ካላለፈበት። ካለፈበት ግን በቃ፣ ደህና ዋል ነው።

በመጀመሪያው ቀን መዝገቦቹ የታሰሩበትን ገመድ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቢጫ፤ ሁለት ጆንያ ሙሉ! ከነጩ ጢም ሠራሁና አገጬ ላይ አስሬ «ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጥቷል፣ በሰላም ሂዱ» እያልኩ በኮሪደሩ ስንጎራደድ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ማንን እንዳስመሰልኩ አልናገርም።

አዲሱ አዳራሽ ሲመረቅ ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ፎቶዎን ይላኩልን ተብሏል። ከሥሩ «አርባ ዓመት በታማኝነት» ተብሎ ይጻፍበታል። ጥርስ ያለበትን ይምረጡ።

አምላክ ዕድሜዎን እንደ ቀጠሮዎችዎ ያርዝመው።

የወንድምዎ የልጅ ልጅ፣ ቁንጫው


ኅዳር 26 ቀን

ለልጄ ለቁንጫው፤

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡ ሁሉ በያለበት ሰላም ይሁን። እናትህ ጉልበቷን በሞቀ ውሃ ትያዘው። እኔ ለሰው አገር ደህና ነኝ። ልጄ ወደብ ላይ ስትሠራ ትውላለች፤ እኔ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ሆኜ መርከብ እቆጥራለሁ። ዛሬ ዘጠኝ ገባ፣ ሰባት ወጣ። ሥራ ከለመደ ሰው ሥራ አይጠፋም።

በመቀጠርህ ደስ ብሎኛል። ገመዱን ቆረጥኩት ያልከውን ሳነብ ግን መነጽሬን አውልቄ አስቀመጥኩ። አንተ የማትረባ! ጌጥ መሰለህ?

ስማ። ሰማያዊ ገመድ ማለት ባለጉዳዩ ማንበብ አይችልም ማለት ነው። እሱን ወረቀት ሰጥተህ አትሸኘውም፤ ከመስኮቱ ወጥተህ አጠገቡ ቁጭ ብለህ ታነብለታለህ። ነጭ ከሩቅ የሚመጣ ነው። ለጠዋት አትቀጥረውም፤ አውቶቡሱ የሚገባው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ቀይ የሚቆጣ ሰው ነው። ምንም ከማለትህ በፊት ውሃ ትሰጠዋለህ። ቢጫ ደግሞ ሰው የሞተበት ክስ ነው። የዚያን ሰው ስም በኮሪደር ጮኸህ አትጠራም። ሄደህ ትከሻውን ትነካዋለህ።

ይህን በወረቀት የጻፈው የለም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ለእኔ ነገረኝ፤ ለእሱም ከእሱ በፊት የነበረው። እኔ ለማን ልንገር? ጡረታ ስወጣ የሚተካኝ ሰው አልተቀጠረም ነበር። ቁልፉን ለጥበቃው ሰጥቼ ነው የወጣሁት።

ዛሬም ጠዋት ስነቃ እጄ ቁልፍ ይፈልጋል። በሩን ስከፍት የወረቀቱ ሽታ ፊቴን ይመታኝ ነበር፤ የቆየ፣ ደረቅ፣ ትንሽ የአይጥ ነገር ያለበት፣ ግን የእኔ። ቀጥሎ የስም ጠሪው ሳል ይመጣል። እሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ኮሪደሩ በሙሉ ልብሱን ያስተካክላል። ዳኛ ገባ ከማለት ይበልጥ ነበር። መንግሥትን ሊከስ የሚመጣ ሰው ፈርቶ ነው የሚመጣው። ቀና ብሎ እንዲሄድ ማድረግ የእኛ ፋንታ ነበር። ማሽንህ ይህን ያውቃል?

የትኛው መዝገብ የትኛው ገመድ እንደነበረው ከጭንቅላቴ ጽፌ ስምንት ገጽ አያይዤልሃለሁ። ስም የረሳሁበት ቦታ «ባለ ከዘራው»፣ «ሳቂታዋ» ብያለሁ፤ ጥበቃው ያውቃቸዋል። ፎቶውን ፈልጌ እልካለሁ።

ፈጣሪ ልብ ይስጥህ። ቀልዱ ይቅርልህ አልልም፣ ግማሹን ብቻ ይውሰድልህ።

ጋሼህ


ታኅሣሥ 17 ቀን

ለጋሼ፣ ለመርከብ ቆጣሪው፤

ሰላምዎ ይብዛ፣ መርከብዎም አይጥፋ። እናቴ ውሃ አሙቃ ጉልበቷን ይዛለች፤ አሁን ደረጃ ትወጣለች፣ መውረዱ ነው የቀረው።

ስምንቱን ገጽ ሳነብ አፈርኩ። ማፈር አልለመድኩምና መጀመሪያ ሆዴን የታመምኩ መስሎኝ ነበር። ቢጫ ገመዱን ሳስበው፣ ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት በነበረው ቀን የአንዲት እናትን ስም በድምፅ ማጉያ ሦስቴ አስጠርቻለሁ። ልጃቸው በመንግሥት መኪና የተገጨባቸው ናቸው። እየሳቅኩ ነበር የጠራሁት።

ስለዚህ ሰዓቷ ዘንድ ገብቼ «ኮምፒውተሩ ላይ የገመድ ሳጥን ይጨመር» አልኳት።

«የምን ሳጥን?»

«ማንበብ የማይችል፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ የሚቆጣ፣ ሐዘን ያለበት የሚል።»

«እንዲህ ያለ ነገር ቅጹ ላይ የለም።»

«ቅጹን የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ጎረቤት መሄድ አያስፈልገንም።»

አስወጣችኝ። በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩን ስከፍት «የባለጉዳይ ሁኔታ» የሚል ሳጥን ተጨምሯል። ሳመሰግናት ሰዓቷን ብቻ አየች። ሦስት መቶ አርባ መዝገብ በዝርዝርዎ መሠረት ሞልቻለሁ። ባለ ከዘራው በማሽን ማስታወሻ «ቀይ» መሆናቸውን ሳይ ውሃ ይዤ ጠበቅኋቸው። ጠጡና «አባ ቀጠሮ ተመለሰ እንዴ?» ብለው ዙሪያቸውን ቃኙ። ባለጉዳዮችዎ ይወዱዎታል፣ ጋሼ። ኮሪደሩ ላይ ስምዎን ስጠራ ፊታቸው ይበራል። እኔም መጥራት አበዛሁ፤ ወረፋው ላይ ጸብ ሲነሳ በጣም ይጠቅማል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። በየማክሰኞው የሚመጡ ልብስ ሰፊ አሉ። አንገትጌያቸው ላይ መርፌ ደርድረው፣ ወረፋ ሲጠብቁ የሰው ቁልፍ ሲተክሉ የሚውሉ። የኔንም የሸሚዝ ቁልፍ ተክለውልኛል፤ በማላውቀው ክር፣ አልበጠስም ብሏል። ለመንገድ ማስፋፊያ ተብሎ ሁለት ክፍል ቤታቸው ከነስፌት መኪናቸው ፈረሰ፣ መንገዱ ግን በሌላ በኩል ሄደ፤ ክሱ ይህ ነው። ቤቱ ከፈረሰ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የእሳቸው መዝገብ መደርደሪያ ላይ የለም፣ ኮምፒውተር ውስጥ የለም፣ ከስምንቱ ገጽ ላይም የለም። ስጠይቃቸው «አባ ቀጠሮ ያውቀዋል» ብለው ክራቸውን ወደ መርፌያቸው መለሱ። በስንተኛው መደርደሪያ ነው? ቶሎ ይጻፉልኝ፤ የካቲት 30 እየመጣ ነው።

ፎቶውንም አይርሱ።

ጤና ይስጥልኝ፣ ለእኔም ጥቂት ይተውልኝ።

ቁንጫው


ጥር 9 ቀን

ለልጄ ለቁንጫው፤

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለእናትህ፣ ሰላም ለቤቱ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለ ከዘራው በሕይወት መኖሩ ደስ አሰኘኝ። ይጮሃል እንጂ ክፉ አይደለም፤ የሚጮኸው የሚሰማው ያጣ መስሎት ነው።

እዚህ ብርድ ነው። ወደቡ በጭጋግ ተሸፍኖ መርከቦቹ ድምፅ ብቻ ሆነዋል፣ ለእኔ ደግሞ ድምፁም የለም። ስለዚህ ያንን ኮሪደር አስባለሁ። በዝናብ ጊዜ ጣሪያው ስድስት ቦታ ያፈስ ነበር፤ ባልዲ እንደረድራለን። ባለጉዳይ የባልዲውን ጠብታ እየቆጠረ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ቀን ዝናቡ አልቆም ሲል የመንግሥቱ ነገረ ፈጅና የከሰሰው ጉድጓድ ቆፋሪ በአንድ ጃንጥላ ተቃቅፈው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ሲሄዱ አይቻለሁ። ችሎት ላይ ጠዋት አንዱ ሌላውን ውሸታም ብሎት ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

ማኅተሙን ስመታ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለጉዳዮች ያንን ድምፅ ይወዱታል። «ተመታልኝ?» ይሉኛል፤ «ተመታልህ» እላለሁ፤ በእፎይታ ይተነፍሳሉ። ስም ጠሪው ከሥራ ሲወጣ ሁላችንንም አንድ በአንድ በሙሉ ስማችን ጠርቶ ተሰናበተን። እኔ ተራዬ ሲደርስ «አቤት» ማለት አቅቶኝ ቆምኩ።

ሳጥን ጨመረችልህ ያልካትን ልጅ አመስግንልኝ። ስሟን ግን ቀይርላት።

እውነት የካቲት 30 የመጨረሻ ነው? አይራዘምም? ከዚያ በኋላ የሚመጣ መዝገብ በምንም መንገድ አይገባም? ይህን አጣርተህ ጻፍልኝ። ፎቶ አላገኘሁም፤ አትጠብቁኝ።

ለባለጉዳዮቹ ሁሉ ሰላም በልልኝ። ለሁሉም።

ጋሼህ


ጥር 23 ቀን

ለጋሼ፤

ሰላምታው እንደወትሮው ነው፤ ከላይ እስከ ታች በሉት፤ ዛሬ ችኩል ነኝ።

አራት ገጽ ጻፉልኝ። ባልዲ አለበት። ጃንጥላ አለበት። የስም ጠሪው ሳል አለበት። ስለ ልብስ ሰፊዋ ግን አንዲት ፊደል የለችበትም! ጆሮዎ አይሰማም እንጂ ዓይንዎ ያነባል ብዬ ነበር።

እኔ ደግሞ ዝም ሲሉኝ የሚሠራ ጭንቅላት አለኝ። «ጋሼ ይህችን ሴት ይወዷት ነበር» ብዬ ወሰንኩ። ያን ሁሉ ዓመት ቀጠሮ የሰጡት በየማክሰኞው ለማየት ነው! ለጥበቃው ነገርኩት፤ ጥበቃው ለጽዳቷ ነገራት፤ በምሳ ሰዓት ሠርግ ልንደግስ ምንም አልቀረንም። ወሬው ከልብስ ሰፊዋ ጆሮ ደርሶ «ተው አንተ ልጅ» አሉኝ። «ወንበር ከውስጥ አምጥተው የሚሰጡኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው። በደግ ሰው አትቀልድ።» ዓይናቸው ደክሟል፤ መርፌያቸውን ክር የማስገባላቸው አሁን እኔ ነኝ።

ቀኑ አይራዘምም። ጠይቄያለሁ። የካቲት 30 በአሥራ አንድ ሰዓት ማሽኑ ራሱ ይቆልፋል። ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ክስ ይክፈቱ ቢባሉ የመክሰሻው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ያለፈው ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ነው። መዝገቡ ካልተገኘ ቤታቸው ለሁለተኛ ጊዜ ፈረሰ ማለት ነው።

ይጻፉልኝ። ባልዲውን ይተዉት።

ቁንጫው


የካቲት 9 ቀን

ለጋሼ፤

መልስ አልመጣም። ሃያ አንድ ቀን ቀረን።

ቅዳሜ ሰዓቷ የሥራ ቀን ሳይሆን መጣች። እኔና እሷ መጋዘኑን ከጥግ እስከ ጥግ ፈተሽን። በጉልበቷ ተንበርክካ ከመደርደሪያ ሥር ወረቀት ስትስብ፣ ፀጉሯ አቧራ ሲለብስ አየሁና ያወጣሁላትን ስም ለራሷ ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። «ጥበቃው ነው የነገረኝ።»

መዝገቡን አላገኘንም። ነገር ግን የመዝገብ መግቢያና መውጫ ደብተሩን አገኘን። የልብስ ሰፊዋ ቁጥር አለ። በመጨረሻው መስመር፣ ጡረታ በወጡበት ዕለት፣ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ «ወጪ» ይላል። ወዴት እንደሆነ አይልም።

ጋሼ፣ መዝገቡ የት ነው?

ቁንጫው


የካቲት 11 ቀን

ልጄ፤

ይህ ደብዳቤ በፖስታ አይመጣም። የልጄ የሥራ ባልደረባ ወደ እናንተ ትበራለች፤ ከታሸገ ጥቅል ጋር በእጅህ ታስረክብሃለች። ጥቅሉ ውስጥ ያለው የልብስ ሰፊዋ መዝገብ ነው። ሦስት ዓመት ሻንጣዬ ሥር ተቀምጧል። የጥር 23 ደብዳቤህን ሁለት ቀን በኪሴ ይዤ ከዋልኩ በኋላ አወጣሁት።

አሁን የምጽፈውን ለአለቃህ ስጣት። ችሎት ይቅረብ። ስሜና ፊርማዬ ከሥሩ አለ።

ሴትዮዋ ቤቷ ከፈረሰ በኋላ በየቢሮው ስትንከራተት ቆይታ፣ ሁለት ዓመቱ ሊሞላ በመጨረሻው ቀን ክሷን ይዛ መጣች። እኔ መስኮቱ ላይ አልነበርኩም። በዘጠኝ ተኩል ዘግቼ ወጥቼ ነበር። የታመመ ሰው አልነበረኝም። ያለቀሰ ሰው አልጠራኝም። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ኳስ ልመለከት ሄድኩ። ተሸነፍንም።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ከፊት ቆማለች። ወረቀቷን ተቀብዬ ቀኑን ሳሰላ እጄ ማኅተሙ ላይ ቀረ። አንድ ቀን አልፏታል። ትናንት መጥታ እንደነበር ነገረችኝ፤ ግን ቀኑ መሙላቱን አላወቀችም፣ የነገራት የለም። የትናንቱን ቀን ብመታላት ውሸት ነው፤ ያን አላደረግኩም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ለዳኛው መናገር እውነት ነው፤ ያንንም አላደረግኩም። የዕለቱን ቀን መታሁና መሃል ላይ ቆምኩ።

መዝገቡ ዳኛ ፊት ከቀረበ ነገረ ፈጁ ቀኑን አይቶ ያስዘጋዋል። ስለዚህ እንዳይቀርብ አደረግኩ። ዳኛው ተቀይረዋል፣ መልስ አልተሟላም፣ ተለዋጭ ቀጠሮ። አባ ቀጠሮ ብላችሁ የምትስቁት በዚህ ነው። እስካልተወሰነ አልተዘጋባትም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ወንበር አቀረብኩላት። ስለ ጤናዋ ጠየቅኳት። ጡረታ ስወጣ አዲስ የሚመጣው ሰው ቀኑን ያያል ብዬ ፈራሁና መዝገቡን ይዤ ወጣሁ።

በየደብዳቤው ስለዚያ ቤት መልካምነት የጻፍኩልህ ውሸት አይደለም። እንደዚያ ነበር። በዚያው ቤት ውስጥ ደግሞ ይህ ነበር።

ለሴትዮዋ እኔ ልጽፍላት አልቻልኩም። አንተ አንብብላት። ሰማያዊ ገመድ ነበረች።

ጋሼህ


መጋቢት 16 ቀን

ለጋሼ፤

እንደምን ሰንበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ዛሬ ይህን የምጠይቀው ለወጉ አይደለም።

የየካቲት 9 ደብዳቤዬና የእርስዎ መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ጥቅሉ የካቲት 19 ደረሰ፤ በዚያው ቀን እያንዳንዱን ገጽ ራሴ ማሽኑ ላይ አስተኛሁ። ሬጅስትራሯ ቃልዎን ቆማ አነበበች። ጨርሳ ተቀመጠችና «ይህ ብቻውን አይበቃም፣ ማስረጃ ያስፈልጋል» አለች። ከዚያ የጥበቃዎቹን የድሮ የበር ደብተር ከመጋዘን አስወጣች። ያን ቀን አገኘነው። ጥበቃው ሥራ ፈትቶ ስለ ዳኛው አዲስ ጫማ ከጻፈው ከፍ ብሎ «የመዝገብ ቤት ሹም፣ ወጡ፣ 9፡30» ይላል። ከሥሩ «አንዲት ሴት፣ ለመዝገብ ቤት፣ ገባች 9፡50፣ ወጣች 11፡00» ይላል። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የተዘጋ መስኮት ፊት ተቀምጠዋል።

መዝገብ ይዘው መውጣትዎን ግን ለበላይ ሪፖርት አድርጋለች። ማድረግ ነበረባት። ፎቶውም አይሰቀልም።

ችሎቱ ትናንት ነበር። ነገረ ፈጁ ጊዜው አልፏል ብሎ ተቃወመ። ዳኛዋ ቃልዎ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አዘዙ። ያነበብኩት እኔ ነኝ። የኳሱ ቦታ ላይ ስደርስ ችሎቱ ውስጥ የሳቀ የለም። ዳኛዋ የበር ደብተሩን አይተው መለሱና እንዲህ አሉ፤ «ከሳሽ በጊዜው መጥታለች። ያልነበረው መንግሥት ነው።» መቃወሚያው ውድቅ ሆነ። ዋናው ክስ ሚያዝያ 20 ይሰማል። ነገረ ፈጁ ይግባኝ እጠይቃለሁ አላለም። የቤቱም ግምት ይሠራ ተብሏል። ሬጅስትራሯ ይህ ቀን በምንም ምክንያት አይቀየርም ብላ በራሷ እጅ ጽፋበታለች።

ደስ ይላቸዋል ብዬ ሮጥኩ። ልብስ ሰፊዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ላይ የሚሰፋ ነገር የለም። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«ለኳስ» አሉ።

«እማማ፣ ፈቀዱልዎ እኮ! ሊሰማ ነው!»

«ለኳስ» አሉ እንደገና። ከዚያ «ወረቀት አለህ?» አሉኝ። «ጻፍ።»

«ለተከበሩ» ብዬ ስጀምር ከትከሻዬ በላይ ዘንበል አሉ። ፊደል ባያውቁም ፊቴን ያነባሉ። «እርስዎ እያልክ ነው?»

«አዎ።»

«አንተ በለው።»

ያሉኝን እንዳሉት ጻፍኩ። ይኸውልዎ፦

«በመጣሁ ቁጥር ወንበር ትሰጠኛለህ። ጉልበትሽ እንዴት ነው ትለኛለህ። ዝናብ ሲሆን አስጠልለህ ታቆየኛለህ። እኔም መንግሥት ክፉ ነው፣ አባ ቀጠሮ ግን ደግ ነው እያልኩ ወደ ቤቴ፣ ቤትም ሳይኖረኝ፣ እመለስ ነበር። ለካ መንግሥት ያልኩት መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚያነጋግረኝ። ወንበሩን ትተህ አንዲት ቃል ብትሰጠኝ ኖሮ ይህ ነገር በዓመቱ ያልቅ ነበር። ዓይኔ መርፌ በሚያይበት ጊዜ ቤቴን አገኝ ነበር። አሁን ባገኘው ምን እሰፋበታለሁ? ደግነትህን አምኜው ስለነበር አንድም ቀን አልጮኽኩም። ጮኼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልምርህም።»

መልሼ አነበብኩላቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ኮሪደሩ ባዶ ሆኗል፤ ማሽኑ ብቻ ለማንም ቁጥር እየተፋ ነበር።

«የመጨረሻዋን ሰርዛት» አሉኝ።

«አልምርህም የሚለውን?»

«አዎ። እሱን ገና አልወሰንኩም።»

ሰረዝኳት። ግን ቀለሙ ስስ ሆኖ ከመስመሩ ሥር ይነበባል። በሌላ ንጹሕ ወረቀት ልገልብጠው ብዬ ብነሳ እጄን ያዙኝ።

«እንዳለ ላክለት» አሉ።